ጓሳውን ማን ጠበቀው?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የምንጭ ውሃን ከብት እንዳያቆሽሸው እንዴት እንደሚታጠር አንብበን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከምንጩ ተነሥተን ወደ ተራራው እንወጣለን። ምክንያቱም ምንጩ ውሃውን የሚያገኘው ከተራራው ነው። ተራራው ከተራቆተ ምንጩ ይደርቃል። ያን ጊዜ ያጠርነው አጥር የሚጠብቀው ባዶ ጉድጓድ ይሆናል።

ንባቡ ረዘም ይላል። ስለዚህ በአራት ክፍል ከፍለነዋል። ሁሉንም በአንድ ማታ መጨረስ ግድ አይደለም። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ማንበብ ይቻላል። የከበደ ቃል ሲያጋጥማችሁ ቆም በሉ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ለዩት። ማንበብ የቻለ ሰው ላልቻለው ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያንብብለት።

አንድ፤ የተፈጥሮ ሀብት ምንድን ነው?

ሀብት ሲባል ብዙዎቻችን ገንዘብ ይታየናል። ወይም በሬ፣ ላም፣ በግ፣ ጎተራ ሙሉ እህል ይታየናል። እውነት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ሀብት ናቸው። ግን ከእነዚህ በፊት የነበረ ሌላ ሀብት አለ። በሬው የሚግጠው ሣር አለ። ላሟ የምትጠጣው ውሃ አለ። እህሉ የበቀለበት አፈር አለ። ሞፈርና ቀንበር የተቆረጠበት ዛፍ አለ። እነዚህን ሰው አልሠራቸውም። ስንወለድ አገኘናቸው። የተፈጥሮ ሀብት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የተፈጥሮ ሀብት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እስቲ በሦስት እንክፈለው።

አንደኛው ብንጠቀምበትም የማያልቅ ነው። ፀሐይና ነፋስ እንደዚህ ናቸው። እኛ እህላችንን በፀሐይ ብናሰጣ ለጎረቤታችን ፀሐይ አትጎድልበትም። ገብሳችንን በነፋስ ብናበጥር ነፋሱ አይቀንስም።

ሁለተኛው አንድ ጊዜ ከወጣ የማይተካ ነው። ወርቅ፣ ብረት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ እንደዚህ ናቸው። ከመሬት ውስጥ ከወጡ በኋላ መልሰው አይበቅሉም።

ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ሣር፣ ዛፍ፣ የምንጭ ውሃና የዱር እንስሳ እንደዚህ ናቸው። በልኩ ከወሰድን ይተካሉ። ከልኩ ካለፍን ያልቃሉ። የሚታለብ ላም ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ላሚቱን ስናልብ ለጥጃዋ እንተውላታለን። ስለ ተውንላት ነገም ትታለባለች። ጥጃዋ እስኪሞት ድረስ ብናልባት ግን ወተቱም፣ ጥጃውም፣ የወደፊት በሬያችንም ይቀራል።

አፈርስ ከየትኛው ነው? አፈር የሚሠራው ከድንጋይ ነው። ፀሐይና ውርጭ ድንጋዩን ይሰነጥቁታል። ውሃ ይሸረሽረዋል። ሥርና ቅጠል ይበሰብስበታል። እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ አፈር ይሆናል። የአንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪሠራ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያልፋሉ። በተራቆተ መሬት ላይ የዚህን ያህሉን አፈር ጎርፍ በጥቂት ክረምት ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። እንግዲህ አፈርን የማይተካ ሀብት ነው ብለን ብንይዘው አንሳሳትም። ለእኛም፣ ለልጆቻችንም፣ ለልጅ ልጆቻችንም ዕድሜ ተመልሶ አይመጣምና።

ሁለት፤ የመንዝ ጓሳ

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንብብ። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር ነው። መንዝ በብርዱ፣ በበጉና በባናው የታወቀ አገር ነው። እዚያ ከፍ ካለው ደጋ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ ሜዳና ተራራ አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነው። በድሮው አቆጣጠር 250 ጋሻ ያህል መሆኑ ነው።

ጓሳ የቦታው ስም ነው። ቦታው ላይ የሚበቅለው ሣርም ስሙ ጓሳ ነው። ጓሳ ጠንካራ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል። ገመድ ይገምድበታል። ዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ከብቱን ያተርፍበታል።

የጓሳ ጥቅም ለመንዝ ብቻ አይደለም። ሣሩ የዝናቡን ውሃ ይይዛል። አፈሩም እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ በየምንጩ ይወጣል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ጀማ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ በኩል ይሄዳል። ጓሳን አይቶት የማያውቅ የቆላ ሰውም ከጓሳ የወረደ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው።

በጓሳ ውስጥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በአገራችን በኢትዮጵያ ብቻ ነው። አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ በጠቅላላው 500 እንኳ አይሞሉም። አንዳንድ ሰው ቀይ ቀበሮን የበግ ጠላት አድርጎ ያየዋል። ዋናው ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሣር ሳያልቅ እንዴት ቆየ? መንዝ ሰው የሌለበት አገር አይደለም። በግና ከብትም ሞልቶበታል። ሣሩን ያቆየው ደንብ ነው። ደንቡ ቀሮ ይባል ነበር።

በአገሩ ሲነገር እንደ ኖረው፣ አስቦና ገራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን ተካፈሉ። ጓሳውን ግን ለግጦሽና ለሣር ብለው ለይተው አስቀመጡት። ይህም ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን የጓሳ አለቃ እየመረጡ ጓሳውን አብረው አስተዳደሩት።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ጓሳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ማጭድ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከብት ማስገባትም ክልክል ነው። ጥበቃው በየተራ ነው፤ ተረኛ የሆነ ሰው መቅረት አይችልም። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስና የሕዝቡ ችግር ሲታይ፣ በበጋው ወራት ጓሳው ይከፈታል። የመክፈቻው ቀን ለሁሉም ይነገራል። ያን ጊዜ ሁሉም እኩል ገብቶ ያጭዳል። ክረምት ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል።

ልብ በሉ! ደንቡ አትጠቀሙ አላለም። ጊዜው ሲደርስ፣ በልኩ፣ ሁላችሁም ተጠቀሙ ነው ያለው። መጠበቅና መጠቀም በአንድ ደንብ ውስጥ አብረው ኖሩ።

ሦስት፤ ደንቡ ሲፈርስ

የቀሮ ደንብ ጥሩ ጎን ነበረው። ጉድለትም ነበረበት። የጓሳው ድርሻ የርስተኛው ነበር። ከአቅኚ አባቶች እንደሚወለድ መቁጠር ያልቻለ ሰው መብት አልነበረውም። ከጓሳው ሥር እየኖረ፣ ውርጩን አብሮ እየተቀበለ፣ ሣሩን ግን ከሩቅ ያየው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ታወጀ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። የርስት ሥርዓትም ቀረ። በመንዝም ርስት ያልነበረው ሰው እንደ ርስተኛው ባለ መብት ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር ተረሳ። ርስቱ ሲቀር ከርስቱ ጋር የቀሮ ደንብም አብሮ ቀረ። የድሮዎቹ አለቆች ሥልጣን አበቃ። ጓሳው የሁሉም ሆነ ተባለ። መቼ ይዘጋል? መቼ ይከፈታል? ማን ይጠብቀዋል? የገባውን ማን ይቀጣዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች እንደ ድሮው የጠነከረ መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምን ያስባል? «እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል» ይላል። ጎረቤቱም እንዲሁ ይላል። ሁለቱም ማጭዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሣሩ ሳይደርስ ይታጨዳል። በጎች በክረምት ይገባሉ። ማንም ሰው ጓሳውን ላጥፋው ብሎ አልተነሣም። ሁሉም ለቤቱ አስቦ ነው። ጓሳው ግን እየተመናመነ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው አለ። የሁሉም የሆነ ሀብት ደንብ ከሌለው የማንም ይሆናል። ጠባቂም አይኖረውም።

የመንዝ ሰዎች ግን ነገሩን በዚያው አልተዉትም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? በጓሳው ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች እንደ ገና ተሰበሰቡ። ከየቀበሌው ተወካይ መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ። የመተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ጠባቂዎች ሰየሙ። የአማራ ክልልም በ2000ዎቹ ዓመታት ውስጥ ጓሳው በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በደንብ አጸደቀላቸው። በዚያው የማኅበረሰቡ የሆነ የእንግዳ ማረፊያም ተሠራ። ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት የሚመጣ ሰው ገንዘብ ይከፍልበታል።

አዲሱ ደንብ ከድሮው የወሰደው አለ፤ የተወውም አለ። መዝጋትንና መክፈትን ወሰደ። መምረጥንና መጠበቅን ወሰደ። የትውልድ ቆጠራውን ግን ተወ።

አራት፤ የእኛስ ኮረብታ?

አሁን ወደየመንደራችን እንመለስ። ጓሳ የሚያህል ሰፊ ቦታ ያለው መንደር ጥቂት ነው። ኮረብታ የሌለው መንደር ግን የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ኮረብቶቻችን ተራቁተዋል።

የተራቆተ ኮረብታ ምን ያደርጋል? ዝናቡ ሲመታው የሚይዘው ሣር የለም። ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም። በላዩ ላይ ይንሸራተትና ይወርዳል። ሲወርድ አፈሩን ይዞ ነው። ከታች ካለው ማሳ ሲደርስ ጎርፍ ሆኗል። ማሳውን ይቦረቡረዋል። በክረምት ውሃ በዝቶብን እንጮሃለን። በበጋ ምንጩ ደርቆ እንጮሃለን። ሁለቱ ችግሮች መንታ ናቸው። የክረምቱን ውሃ መሬቱ ስላልጠጣው በበጋ የሚሰጠን አጣ።

ማገዶ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኩበት እናነዳለን። ኩበቱ ማዳበሪያ ሆኖ ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ነው። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ማሳው ይራባል። ማሳው ሲራብ እኛም እንራባለን።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ኮረብታውን ለጥቂት ዓመታት ከልሎ ማቆየት ነው። ከላይ ጀምሮ እርከን መሥራት ነው። ከላይ ጀምሮ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የላዩ ሳይሠራ የታቹ ቢሠራ ጎርፉ መጥቶ ያፈርሰዋል። በተቦረቦረው ቦታ ላይ ድንጋይ መከተርና የአገር ዛፍ መትከልም አለ። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። በሥራም አይታችሁት ይሆናል።

ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ግን ብዙ ጊዜ ስለማይነሣው ነገር ነው።

ኮረብታው ይከለል ተብሎ ሲወሰን በስብሰባው ላይ ሁሉም እጁን ያወጣል። ማታ ግን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ። አራት በሬ ያለው፣ ሰፊ ማሳ ያለው፣ ጭድ የከመረ ሰው ይተኛል። ሁለት በግ ብቻ ያለችው ባልቴት ግን አትተኛም። ማሳ የላትም፤ ጭድ የላትም። በጎቿ የሚውሉት በዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ጭራሮ ለቅማ ገበያ የምታወርድ እናትም አትተኛም። የልጆቿ ጨውና በርበሬ የሚገዛው በዚያ ሸክም ነው።

እነዚህን ሰዎች ሳንጠይቅ ኮረብታውን ብንዘጋ ምን ይሆናል? ደንቡ በሌሊት ይፈርሳል። የሚያፈርሱት ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ስለ ቸገራቸው ነው። ከዚያ ጠባቂው ይይዛቸዋል። ይቀጣቸዋል። ቂም ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላውም «እነሱ ከገቡ እኔስ?» ይላል። ኮረብታው እንደ ቀድሞው ይሆናል።

እንግዲህ ደንብ ስናወጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? ብዙ የሚያጣው ሰው ነው። ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል እንይ።

አንደኛ፤ ኮረብታውን በሙሉ በአንድ ቀን አለመዝጋት። ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ በተራ መዝጋት ይቻላል። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ያገለግላል።

ሁለተኛ፤ ከብት እንዳይገባ መከልከል እንጂ ሣር እንዳይታጨድ ሁልጊዜ አለመከልከል። ከብት ሲገባ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ አፈሩንም ይረግጠዋል። ማጭድ ግን ሥሩን ይተዋል። ሣሩ ሲደርስ አጭዶ ወደ ቤት መውሰድ ይቻላል።

ሦስተኛ፤ ከሚታጨደው ሣር ማሳና ጭድ ለሌላቸው ቅድሚያ መስጠት። ይህ ምጽዋት አይደለም። ግጦሻቸውን ለሁላችን ብለው ስለ ተዉ የሚገባቸው ካሣ ነው።

አራተኛ፤ የጥበቃና የችግኝ ሥራ ክፍያ ካለው ኑሯቸው በኮረብታው ላይ ለነበረ ሰዎች መስጠት። ኮረብታውን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

አምስተኛ፤ መዝጊያውንና መክፈቻውን ቀን ሁሉም በተሰበሰበበት ወስኖ በጽሑፍ ማስፈር። ድሮ ደንብ በቃል ይተላለፍ ነበር። ሽማግሌው ሲሞት ደንቡም አብሮት ይቀበር ነበር። ዛሬ ግን እኛ ፊደል ቆጥረናል። ደንቡን ራሳችን እንጻፈው። ራሳችን እናንብበው። አንዱ «እንዲህ አልተባለም» ቢል ወረቀቱን እናውጣ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለደብዳቤ ብቻ አይደለምና።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሁለትና የሦስት ዓመት ችግር መኖሩ አይቀርም። አናታልላችሁ። ሣር ዛሬ ተከልሎ ነገ አይደርስም። ችግሩ ግን በሁሉም ትከሻ ላይ ሲከፋፈል ይቀላል። በአንዲት ባልቴት ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ ይሰብራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውም ለዚህ ነው። ድሩ የሚያስረው ሁሉም ክር ሲይዝ ነው።

ወደ ርእሳችን እንመለስ። ጓሳውን ማን ጠበቀው? አጥር አልጠበቀውም። ከሩቅ የመጣ ዘበኛም አልጠበቀውም። «የእኛ ነው» ያሉ፣ ደንብ ያወጡና ደንቡን የያዙ ሰዎች ጠበቁት። ደንቡ ሲላላ ተመናመነ። ሰዎቹ እንደ ገና ሲሰበሰቡ እንደ ገና ጠባቂ አገኘ።

እንወያይ

1. በመንደራችን ካሉት የተፈጥሮ ሀብቶች የሚተካው የትኛው ነው? የማይተካውስ?

2. የቀሮ ደንብ ጥሩ ጎኑ ምን ነበር? ጉድለቱስ?

3. በአካባቢያችን የድሮ ሰዎች ግጦሽን፣ ደንን ወይም ምንጭን የሚጠብቁበት ደንብ ነበረ? ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ጠይቁ፤ የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።

4. ኮረብታችን ቢከለል ከሁሉ የበለጠ የሚቸገረው ማን ነው? ያ ሰው ዛሬ በውይይታችን መካከል አለ? ከሌለ ሄዳችሁ ጥሩት።

ሒሳብ

አንድ መንደር 80 አባወራዎችና እማወራዎች አሉት እንበል። ከተከለለው ኮረብታ 450 ሸክም ሣር ታጨደ። ማሳ ለሌላቸው ለ10 ቤቶች በቅድሚያ 5 ሸክም፣ 5 ሸክም ተሰጠ። የቀረው ለ80ውም ቤቶች እኩል ተከፈለ። እያንዳንዱ ቤት ስንት ሸክም ደረሰው? ማሳ የሌላቸውስ በጠቅላላው ስንት ስንት ደረሳቸው? አካፋፈሉስ ትክክል ነው ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ተናገሩ።

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።